ሌየር በእጅ አትጎትቱ፦ ካርታ ስለማጋጠምና መሀል አዲስ አበባን በስሪዲ ስለማቆም

ጂአይኤስ፣ ማለትም ካርታዎችን እንደ ንጣፍ (ሌየር) እየደረቡ በኮምፒውተር መሥራት፣ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይቺን ጥያቄ ይዞ ከች ማለቱ አይቀርም፣ «የመንገዱን ሌየር ከፈትኩ፣ ሳተላይት ኢሜጁን ከስር አስገባሁ፣ ግን አይገጥሙም፣ ምን ላርግ?» አጠገቡ ያለው ጓደኛው ደግሞ ወዲያው «ሙቭ የምትል ነገር አለች፣ ያዝና ጎትተው» ይለዋል። ይጎትታል። መስቀል አደባባይ ላይ ልክክ ይልለታል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ለዛሬ ሠራለት፣ እውነት ነው። ነገ ግን ከዛው ቢሮ ሌላ ፋይል ሲመጣለት እሱም አይገጥምም፣ እንደገና መጎተት ነው፣ የመጀመሪያውን ምን ያህል እንደጎተተው ደግሞ የትም አልተጻፈም። ወር ሳይሞላ አንድ ፎልደር ውስጥ ሁሉም በየፊናው የተጎተተ አስራ ምናምን ፋይል ይኖራል፣ የቱ ትክክል እንደሆነ ለማወቅ አዋቂ ቤት መሄድ ብቻ ነው የሚቀረው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ከመንካታችሁ በፊት ስንት እንደሳተ ለኩ። የምትለኩበት መሣሪያ እዛው ሶፍትዌሩ ላይ አለ፣ ሩለር የምትመስለው ምልክት። ሌየር ዝም ብሎ አይስትም፣ ምክንያት አለው፣ ምክንያቶቹም ከጥቂት አይበልጡም፣ ደሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ርቀት አላቸው። ሺህ ኪሎ ሜትር የሳተና 200 ሜትር የሳተ በሽታቸው አንድ አይደለም። ይሄ ነገር ስሪዲ (3D) ላይ ስንደርስ ወደ ላይና ወደ ታችም ይሠራል፣ እመጣበታለሁ።

(የምጠቅሳቸው የሜኑ ስሞች የኪውጂአይኤስ ናቸው፣ ነፃ ስለሆነ። አርክጂአይኤስ ያላችሁ ስሙ ትንሽ ይለያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።)

እሺ ከቁጥር እንጀምር። ኮምፒውተሩ መስቀል አደባባይ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው ሁለት ቁጥር ነው፣ ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት። ችግሩ ለአንድ ቦታ ከአንድ በላይ የቁጥር ዓይነት መኖሩ ነው። መስቀል አደባባይ በዲግሪ ሲጻፍ 38.76 እና 9.01 ነው። በዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፋፍሎ በሜትር የሚቆጥር ዘዴ ነው) ዞን 37 ሰሜን ሲጻፍ ደግሞ 473 ሺህ ምናምን እና 996 ሺህ ምናምን ይሆናል፣ ይሄኛው ሜትር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ካርታዎች የሚጠቀሙበት ዌብ መርኬተር ላይ ደግሞ 4 ሚሊዮን 314 ሺህ እና 1 ሚሊዮን 7 ሺህ አካባቢ ነው። እነዚህን ሦስት ጥንዶች በቃላችሁ ያዟቸው፣ ሙድ አይደለም፣ ማንኛውንም የአዲስ አበባ ፋይል ስትከፍቱ ቁጥሩን አይታችሁ በምን እንደተጻፈ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ስለ ዩቲኤሟ ትንሽ ልበል ምክንያቱም እዚህ አገር የቅየሳ ሥራ በአብዛኛው በሷ ነው። ዞን 37 መሀል ላይ የሚያልፈው 39 ዲግሪ መስመር ነው፣ ከሱ ወደ ምዕራብ ያለው ቁጥር ኔጋቲቭ እንዳይሆን ተብሎ ለሱ መስመር 500 ሺህ ተሰጥቶታል፣ መስቀል አደባባይ ከሱ ወደ ምዕራብ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ነው 473 ሺህ ላይ ያረፈው። የሰሜኑ ቁጥር ደግሞ ከምድር ወገብ ያለን ርቀት ነው። እዚህ ጋ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ፣ ከመስቀል አደባባይ በፒያሳ አድርጋችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ይሄ ቁጥር እያደገ እያደገ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ሚሊዮንን ያልፋል። ማለትም ከዛ በታች ያለው ከተማ ስድስት ዲጂት ነው፣ ከዛ በላይ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ ሰባት ዲጂት ነው። ኤክሴል ላይ «ይሄ ኮለም ስድስት ዲጂት ብቻ ነው» ብሎ ያዘጋጀ ሰው ሽሮ ሜዳን በሙሉ ከምድር ወገብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወስዶ ያስቀምጣታል።

አሁን ርቀትን እንደ ምልክት ማንበብ እንጀምር። በዲግሪ የተጻፈ ፋይል ይዛችሁ ሶፍትዌሩን «ይሄ ዩቲኤም 37 ነው» ብትሉት 38 ሜትር ምሥራቅ፣ 9 ሜትር ሰሜን ብሎ ያነበዋል፣ መስቀል አደባባይም ኬንያ ውስጥ ምድር ወገብ ላይ፣ ኪሱሙ አካባቢ ትገኛለች። ዲግሪውን ትክክል ብላችሁት ግን ምሥራቅና ሰሜንን ካምታታችሁ፣ ማለትም ኤክሴል ስታስገቡ ኤክስ የሚለው ላይ 9ን ዋይ የሚለው ላይ 38ን ካደረጋችሁ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ከሰርዲኒያ ደሴት ትንሽ ደቡብ ብሎ ትወጣላችሁ። እነዚህ ሁለቱ ቀላሎቹ ናቸው። ሌየሩ ጭራሽ ስለማይታይ ሰው ይደነግጣል እንጂ፣ «ዙም ቱ ሌየር» ብሎ የት እንደሄደ ማየት ብቻ ነው፣ የሄደበት አገር ራሱ ምን እንደተሳሳተ ይነግራል።

ዌብ መርኬተር ግን አይጠፋም፣ ልክ ይገጥማል፣ ለዛ ነው የሚሸውደው። ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ስለሚለጥጥ እኛ ጋ ስፋት ላይ ወደ 3 በመቶ ይጨምራል። 500 ካሬ የሆነ ይዞታ በሱ ቁጥር ስፋቱን ካሰላችሁት 15 ካሬ ገደማ ትርፍ ይዞ ይወጣል። በአዲስ አበባ የቦታ ዋጋ 15 ካሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ለማየት ብቻ ተጠቀሙበት፣ ለመለካት ወደ ዩቲኤም ቀይሩ።

ወደ ዋናው ራስ ምታት እንሂድ። ሁለቱም ፋይል ዩቲኤም 37 ነው፣ ሁለቱም 473 ሺህ ምናምን ይላል፣ ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም፣ ስትለኩት 226 ሜትር ገደማ ነው፣ አቅጣጫው ሁሌም ወደ ደቡብ ምዕራብ። ይቺን ቁጥር ካያችሁ ሌላ ምንም አትመራመሩ፣ ዳተም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት የተስተካከለች ሉል አይደለችም፣ ስለዚ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች የሆነ ለስላሳ ቅርጽ ወስደው ከሆነ ነጥብ ላይ አስረው ከዛ ይቆጥራሉ፣ ያ ዳተም ይባላል። እኛ አገር የቆየው ዳተም አዲንዳን ነው፣ ስሙን ያገኘው ሱዳንና ግብፅ ድንበር አካባቢ ካለ የቅየሳ ነጥብ ነው፣ የሚጠቀምበት ቅርጽም ክላርክ 1880 የሚባለው ነው። የቀድሞው ካርታ ሥራዎች ያወጣቸው ባለ 1:50,000 ቶፖ ካርታዎች በአዲንዳን ናቸው፣ ብዙ የቆየ የቅየሳ ሥራና የአውቶካድ ፋይልም እንደዛው። (ያ መሥሪያ ቤት ስሙ ስንቴ እንደተቀያየረ፣ አሁን ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው።) በሌላ በኩል የስልካችሁ ጂፒኤስ፣ ጉግል፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ሁሉም ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት። መሀል አዲስ አበባ ላይ አንድን የድንበር ድንጋይ በሁለቱም ብትጽፉት የአዲንዳኑ ቁጥር ወደ ምሥራቅ በ92 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ በ207 ሜትር ገደማ ያንሳል። ስለዚ የአዲንዳን ፋይል ይዛችሁ ደብሊውጂኤስ ነው ካላችሁት ሁሉም ነገር ተያይዞ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል።

ይሄን ለማስረዳት ከሰዓት የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችሁን «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ አቆጣጠር እንደዋወል» ስትሉት ሦስት ያላችሁት ከንጋት ጀምራችሁ ቆጥራችሁ ነው፣ እሱ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥርና ለሊት ሲደውል ተኝታችኋል። ቁጥሩ ስህተት የለበትም፣ ከየት ተነስቶ እንደተቆጠረ ነው ያልተነገረው። አሁን ይሄን የሚያስተካክል ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው «ይቺ ሦስት የሐበሻ ናት» ብሎ መለጠፍ ነው፣ ቁጥሩ አይነካም። ሁለተኛው ሦስትን ወደ ዘጠኝ መቀየር ነው፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ የምትደዋወሉበት ሰዓት ግን ያው ነው።

ሶፍትዌሩ ላይ እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ ቁልፍ አላቸው፣ ሰው የሚያምታታቸውም እነሱን ነው። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» መለጠፍ ነው፣ ሲአርኤስ ማለት ቁጥሩ የተቆጠረበት ዘዴ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ኮድ አለው። «ሪፕሮጀክት ሌየር» መቀየር ነው። አርክጂአይኤስ ላይ «ዲፋይን ፕሮጀክሽን» እና «ፕሮጀክት» ይባላሉ። ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ነው፣ መጀመሪያ እውነቱን ትለጥፋላችሁ፣ ፋይሉ በአዲንዳን ከተሠራ 20137 የሚለውን ኮድ፣ ከዛ ወደምትፈልጉት ትቀይራላችሁ፣ ወደ 32637፣ እሱ ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም 37 ሰሜን ነው። መለጠፊያውን እንደ መቀየሪያ ተጠቅሞ የአዲንዳን ፋይል ላይ 32637 የለጠፈ ሰው የሐበሻን ሦስት ሰዓት የፈረንጅ ነው ብሎ ጻፈ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ምንም ቢሪፕሮጀክት ስህተቱን በጥንቃቄ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ብቻ ነው። ዲግሪ ከሆነ 4326፣ ዌብ መርኬተር ከሆነ 3857፣ እነዚህ አራት ኮዶች ለመሀል አዲስ አበባ ከበቂ በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሪፕሮጀክት ስታደርጉ ኪውጂአይኤስ አንዳንዴ መስኮት ከፍቶ ከብዙ የአዲንዳን መቀየሪያዎች ምረጡ ይላችኋል፣ ምክንያቱም አዲንዳንን የሚጠቀሙ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አሉ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ቁጥር አለው። ለኢትዮጵያ የሚሆነው −165፣ −11፣ 206 የሚለው ነው፣ ከመሬት መሀል አንጻር በሦስት አቅጣጫ የሚገፋበት ሜትር ነው። ዝም ብላችሁ የመጀመሪያውን ኦኬ ካላችሁ የካሜሩንን ልትወስዱ ትችላላችሁ፣ ወይ ደግሞ «ቦልፓርክ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ከመረጣችሁ ዳተሙን ጭራሽ ሳይቀይር ነው የሚያልፈው። በትክክለኛውም ቢሆን ጥቂት ሜትር ይቀራል፣ ያ ለከተማ ካርታና ለስሪዲ ምንም አይደል፣ ለድንበር ክርክር ግን አይሆንም፣ ለሱ መሬት ላይ ወርዶ መለካት ነው።

አውቶካድ ፋይል ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ኮዱን ይዞ አይመጣም ብላችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ፣ አንዳንዱም ለስዕል እንዲመች ዜሮ ዜሮ ላይ የተሳለ ነው። እሱን ከመገመት የሳለውን ሰው ስልክ መደወል ይሻላል፣ «በምን ዳተም ነው የሠራኸው?» የምትል አንዲት ጥያቄ የግማሽ ቀን ሥራ ታድናለች።

ሦስተኛው ምልክት ይሄ ነው፣ ሌየሩ እዚህ ጋ ይገጥማል እዛ ጋ አይገጥምም፣ ለገሃር ላይ 10 ሜትር፣ አራት ኪሎ ላይ 40 ሜትር፣ አቅጣጫውም ይለያያል። ይሄ ዳተም አይደለም፣ ስካን የተደረገ ወረቀት ነው ወይም ስልክ ካሜራ የተነሳ ካርታ ነው። ወረቀት ይለጠጣል፣ ታጥፎ ይኖራል፣ ስካነርም ያጣምማል። መፍትሔው ጂኦሬፈረንስ ማድረግ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለ ነጥብ ትነኩና መሬት ላይ ያለውን ቁጥር ትሰጡታላችሁ።

ነጥብ ምርጫ ላይ ነው ሁሉ ነገር ያለው። ቶፖ ካርታ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ፍርግርግ መስመር አለ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነክታችሁ የተጻፈውን ቁጥር አስገቡ፣ ሲአርኤሱን ግን አዲንዳን በሉ፣ የወረቀቱ ቁጥር የአዲንዳን ነውና። ፍርግርግ የሌለው የድሮ የከተማ ካርታ ከሆነ ያልተነቃነቀ ነገር ፈልጉ። አደባባይና የመንገድ ማዕዘን አትመኑ፣ በተለይ አሁን ኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አራት ኪሎን እንዲህ ከለወጠ በኋላ፣ የድሮው መንገድ ጠርዝ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ወይ ሳር ሊሆን ይችላል። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ነው፣ ቦታውን አልለቀቀም። የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንፃም አለ። እንደነዚህ ያሉትን ፈልጋችሁ ነጥቦቹን በካርታው አራት ጠርዝና መሀል ላይ በትኗቸው፣ ሁሉንም አንድ ሰፈር ላይ ከከመራችኋቸው እዛ ሰፈር ብቻ ይገጥምና ሌላው ይንሻፈፋል።

ከዛ የቅየራ ዓይነት ይጠይቃችኋል። ፖሊኖሚያል 1 ቢያንስ 3 ነጥብ ይፈልጋል፣ 2 ደግሞ 6፣ 3 ደግሞ 10። እዚህ ጋ ጀማሪ የሚወድቅበት ነገር አለ። 10 ነጥብ ሰጥታችሁ ፖሊኖሚያል 3 ካላችሁት ስህተቱ ዜሮ ነው ይላችኋል፣ ሰው ደስ ይለዋል፣ ግን ዜሮ የሆነው ካርታው ልክ ስለሆነ አይደለም፣ በ10 ነጥብ የሚታጠፈውን ያህል ታጥፎ ሁሉንም ስለነካ ነው፣ በነጥቦቹ መሀል ያለውን ማን አየው። ቲን ፕሌት ስፕላይን የሚባለውም እንደዛው ሁሌም ዜሮ ነው። እኔ ለስካን ወረቀት ፖሊኖሚያል 1 እመርጣለሁ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ነጥብ እሰጠዋለሁ፣ ከዛ የስህተቱን ሠንጠረዥ አያለሁ፣ አንዱ ነጥብ ብቻውን ከሌሎቹ ርቆ ከወጣ እሱን መልሼ አጣራለሁ። ምን ያህል ስህተት ነው የሚፈቀደው ለምትሉ፣ ወረቀቱን ጠይቁት፣ 1:50,000 ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች የእስክሪብቶ መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ናት፣ ከዛ ወረቀት የ2 ሜትር ጥራት መጠበቅ ራስን መሸንገል ነው።

አራተኛው ደግሞ መንገዱ ይገጥማል፣ አጥሩ ይገጥማል፣ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ብቻ አይገጥሙም። ይሄ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ ሳተላይቱ በሰያፍ ነው ያነሳው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፣ ሳተላይቱ ከቀጥታ 20 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ካነሳው ጣሪያው ከእግሩ 76 ሜትር ርቆ ነው የሚታየው። ጣሪያውን ተከትሎ ሕንፃ የሳለ ሰው ባንኩን ጎረቤት ግቢ ውስጥ አስገባው ማለት ነው። ሁሌም እግሩን ተከተሉ። ቁመቱን ለኋላ ያዙት፣ ይፈለጋል።

በቃ፣ ሌየሮቹ ተኙ፣ አሁን ከተማውን እናቁም። ስሪዲ ሲባል ሰው የሆነ ከባድ ነገር ይመስለዋል፣ እውነቱን ለመናገር እስካሁን ያለው ይከብድ ነበር። ከፍታ ማለት አንድ ተጨማሪ ሌየር ነው፣ እያንዳንዷ ፒክስል ቀለም ሳይሆን የከፍታ ቁጥር የያዘችበት ምስል። ዴም ይሉታል።

በነፃ የሚገኘው ታዋቂው ኤስአርቲኤም ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000፣ በእኛ የካቲት 1992፣ ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀን መሬትን በራዳር ዞራ የሰበሰበችው ነው፣ አንዷ ፒክስል መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ገደማ ናት። የሚወርደው በአንድ በአንድ ዲግሪ ካሬ ተቆርጦ ነው፣ እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ጣጣ አላት፣ 9 ዲግሪ የሚባለው መስመር ከተማዋን ለሁለት ነው የሚሰነጥቃት፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ደቡብ አንድ ኪሎ ሜትር ምናምን ብሎ ነው የሚያልፈው። ስሙ ላይ ሰሜን 9 ምሥራቅ 38 የሚለውን ብቻ ካወረዳችሁ መስቀል አደባባይ አለ፣ ቦሌ የለም። ሰሜን 8 ምሥራቅ 38 የሚለውንም አውርዱና «መርጅ» አድርጓቸው።

ከዛ ወደ ዩቲኤም ቀይሩት፣ ይሄ ግዴታ ነው። ሲወርድ አግድሙ ዲግሪ ነው፣ ከፍታው ሜትር ነው፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱን አንድ መለኪያ አድርጎ ካያቸው ሁሉም ቦታ ገደል ይሆናል፣ ሜክሲኮ አደባባይ ራሱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። የኪውጂአይኤስ የስሪዲ መስኮትም በብዙዎቹ ቨርዥኖች ፕሮጀክቱ በዲግሪ ከሆነ አልከፍትም ይላል። ስትቀይሩ «ኒረስት ኔበር» የሚለውን ትታችሁ «ባይሊኒየር» ምረጡ፣ አለበለዚያ ተራራው ላይ ደረጃ ደረጃ መስመር ይወጣል።

አሁን ያልኳችሁ የወደ ላይ ስህተት። ዴሙና የስልካችሁ ጂፒኤስ ከፍታ ካልተስማሙ ከመጨቃጨቅ በፊት ከየት እንደሚቆጥሩ እዩ። ኤስአርቲኤም ከባሕር ወለል ነው የሚቆጥረው፣ በትክክል ለመናገር ጂኦይድ ከሚባለው፣ የጂፒኤስ ጥሬ ቁጥር ግን ከለስላሳው ቅርጽ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት በዓለም ላይ ከ−100 ሜትር ገደማ እስከ +80 ገደማ ይደርሳል፣ እንደ ቦታው። ልዩነቱ ከቦታ ቦታ ሳይቀያየር ከተማውን ሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ጂኦይድ ነው። ቦታ እየመረጠ የሚዘል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ራዳር መሬቱን ብቻ አያይም፣ ጣሪያና ዛፍም ይመታዋል። ኤስአርቲኤም የተለካው እነዚህ ፎቆች ከመቆማቸው በፊት ስለሆነ መሀል ከተማ ላይ ቀለል ይላል። ኮፐርኒከስ የሚባለው አዲሱ ዴም ግን የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ነው፣ ጥራቱ በብዙ ነገር ይሻላል፣ ሕንፃዎቹ ግን ውስጡ አሉ። እሱ ላይ ሕንፃ ስታቆሙ ፎቅ በፎቅ ላይ ታቆማላችሁ ማለት ነው፣ ካዛንቺስ ኮረብታ ይሆናል። ለሕንፃ ሞዴል ለዚህ ነው የድሮውን የምመርጠው። እሱም ቢሆን ሲነደፍ እስከ 16 ሜትር ስህተት ተፈቅዶለት ነው፣ ስለዚ በሱ «ይሄ ቤት ከዛ ቤት በ2 ሜትር ይበልጣል» የሚል ወሬ አታምጡ።

ሕንፃ ማቆም። የሕንፃ ቅርጾች ከኦፕን ስትሪት ማፕ ይገኛሉ፣ አንዳንዱ የፎቅ ብዛት የተጻፈበት ነው። ሰው የፎቁን ብዛት በ3 ወይ በ3.5 ያባዛና ቁመት ያደርገዋል፣ ለመኖሪያ ፎቅ ይሄዳል። ለትልልቆቹ ግን አይሄድም፣ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 20 ፎቅ ነው፣ በ3.5 ስታባዙት 70 ሜትር ይመጣል፣ እውነተኛው ቁመቱ ግን 99.9 ነው (ኅብረቱ ይመሥረት የተባለበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. 9/9/99ን፣ ለማስታወስ ሆን ብለው ነው ይባላል)። ቁመታቸው በይፋ የሚታወቁትን በእጃችሁ ጻፉ፣ ጥቂት ናቸው።

ቸርችል ጎዳናን ታውቁታላችሁ፣ ከለገሃር ማዘጋጃ ቤት ድረስ ዳገት ነው። እዛ ላይ ያሉ ሕንፃዎችን ስታቆሙ ጣሪያቸው ተንጋዶ ከዳገቱ ጋ አብሮ የሚሄድ ከሆነ «ኦልቲቱድ ባይንዲንግ» የሚለው «ቨርቴክስ» ላይ ስለሆነ ነው፣ እያንዳንዱ ማዕዘን ከስሩ ካለው መሬት ለብቻው ይነሳል። «ሴንትሮይድ» አድርጉት፣ ሕንፃው በሙሉ ከመሀሉ ከፍታ ይነሳል፣ ጣሪያው ይተኛል። የታችኛው በኩል አየር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፣ ያን ጊዜ ሕንፃውን ጥቂት ሜትር ወደ መሬት አስገቡት፣ ማንም አያይባችሁም።

ቀላል ባቡሩ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጥሩ ፈተና ነው። መስመሩን ወስዳችሁ መሬቱ ላይ ዝም ብላችሁ ካለበሳችሁት ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ በድልድይ የሚሄደው መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ምኒልክ አደባባይ ጋ ዋሻ የሚገባው ደግሞ ጊዮርጊስ ጋ መሬት ላይ ይወጣል። ዴም ድልድይና ዋሻ አያውቅም። መስመሩን ቆራርጣችሁ ለድልድዩ ክፍል ከመሬት በላይ ይሄን ያህል፣ ለዋሻው ከመሬት በታች ይሄን ያህል እያላችሁ መስጠት ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

ስለ ቨርቲካል ስኬል ትንሽ። ከመስቀል አደባባይ እንጦጦ ማርያም በአየር 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው፣ ብዙ ይመስላል፣ ስክሪን ላይ ግን ያን ያህል አይታይም፣ ዳገቱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው «እንጦጦ ይቺ ናት?» ይላል። ስለዚ ሰው ስኬሉን 3 ያደርገዋል፣ ተራራው ያምራል፣ ሕንፃውም አብሮ በ3 ሲባዛ የንግድ ባንክ 627 ሜትር ሆኖ ከከተማው በላይ ይገተራል። ሕንፃ ያለበት ሞዴል ላይ 1 ላይ ተዉት፣ መሬቱን ብቻ ስታሳዩ 1.5 ወይ 2 ይበቃል፣ ስንት እንዳደረጋችሁት ደግሞ ሥዕሉ ላይ ጻፉ።

ሁሉም ነገር መግጠሙን የማጣራው በወንዝ ነው። የቀበናን ወይ የግንፍሌን መስመር ዴሙ ላይ አልብሱና ስሪዲ ላይ ጎን ለጎን ሆናችሁ እዩት። ወንዝ ከሸለቆው ወለል ነው መሄድ ያለበት። 226 ሜትር ፈቀቅ ያለ ወንዝ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ላይታወቅ ይችላል፣ ስሪዲ ላይ ግን አፋፍ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። «ፕሮፋይል» የምትለዋን ከፍታችሁ መስመሩን ከላይ ወደ ታች ብትስሉት ይበልጥ ይታያል፣ 30 ሜትር ፒክስል ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ጉብታ አይጠፋም፣ ትልልቅ ዳገት ካለ ግን ወደ ሲአርኤሱ ተመለሱ።

ሲያልቅ ፋይሉን ለሰው ስትሰጡ ስሙ ላይ ኮዱን ጨምሩበት፣ መንገድ 32637፣ ወንዝ 20137፣ እንደዛ። ሼፕፋይል የሚባለው የሌየር ፋይል ደግሞ አንድ ፋይል አይደለም፣ ስሙ አንድ የሆነ ብዙ ፋይል ነው፣ ከነሱ ውስጥ ፒአርጄ የሚለው ነው ኮዱን የያዘው፣ ትንሽዬ የጽሑፍ ፋይል። ቴሌግራም ላይ ኤስኤችፒ የሚለውን ብቻ መርጦ የሚልክ ሰው አለ። ሁሉንም ዚፕ አድርጉና ላኩ።